ሰኞ ለምጥ ማስጀመሪያ ግቢ ተባልኩ፣ ያለፈባችሁ ንገሩኝ

ጭንቀታሟ (ሐሙስ ማታ)

ሰላም እህቶቼ። የመጀመሪያ ልጄ ነው። ዛሬ ክትትል ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ካርዴን አገላብጦ «40 ሳምንት ከ5 ቀን ሆኖሻል፣ እስከ እሁድ ራሱ ካልመጣ ሰኞ ጠዋት ተዘጋጅተሽ ነይ፣ ምጥ እናስጀምርሻለን» አለኝ። ሌላ ምንም አላብራራም። ከኋላዬ ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል፣ እኔም አፌ ተሳሰረና «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ጥያቄው ሁሉ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

አንደኛ ቀኑ አልገባኝም። የመጨረሻ የወር አበባዬ የመጣው ሐምሌ 20 ቀን 2016 ነው። እርግጠኛ ነኝ፣ የገብርኤል ማግስት ስለነበር አልረሳውም። ዘጠኝ ወር ከአስር ቀን ስቆጥር የማገኘው ሚያዝያ 30ን ነው፣ ማለትም ዛሬን። ታዲያ ቀኔ ዛሬ ከሆነ እንዴት ነው 5 ቀን አለፈሽ የምባለው? አልትራሳውንድ የተነሳሁት ደግሞ ስድስተኛ ወር ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት የለኝም። ያለ ጊዜው እያቻኮሉኝ ይሆን?

ሁለተኛ የጎረቤታችን ልጅ «የመርፌ ምጥ ከራሱ ምጥ አስር እጥፍ ያማል፣ መጨረሻውም ኦፕራሲዮን ነው» ብላ ልቤን አውልቃዋለች። አማቴ በበኩላቸው ያንሸራትታል ብለው ተልባ እየበጠበጡ ያጠጡኛል፣ ጠዋትና ማታ። ባለቤቴ ምንም አይልም፣ ስልኩ ላይ እያነበበ ፊቱ ይለዋወጣል፣ እሱን ሳይ ይብስብኛል።

በክኒንም ሆነ በመርፌ ተጀምሮላችሁ የወለዳችሁ፣ በተለይ የመጀመሪያችሁ የነበረ፣ ከገባችሁበት እስከ ወጣችሁበት ሳትደብቁ ንገሩኝ። «አይዞሽ» ብቻ አትበሉኝ፣ እሱን ከሁሉም ሰምቻለሁ።

የአራት እናት

ልጄ፣ እኔ አራቱንም ማንም ሳያስጀምረኝ ነው የወለድኩት። ሦስተኛዋማ ቀኔ አልፎ ሁለት ሳምንት ቆይታ ነው የመጣችው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የበሰለ ፍሬ ራሱ ይወድቃል። እመቤቴ ባለችው ሰዓት ትፈታሻለች፣ ምን ያስቸኩላል? ደግሞ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳታሰኙኝ እናንተ።

የሰሚቷ

እሺ፣ ሳልደብቅ። አምና ነው የወለድኩት፣ የመንግሥት ሆስፒታል፣ የትኛው እንደሆነ ተዪው። 41 ሳምንት ከ2 ቀን ላይ ነው ያስገቡኝ፣ አንቺም ሰኞ ስትገቢ እዚያው ላይ ነሽ መሰለኝ።

ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ገባሁ። እኔ የመሰለኝ መርፌ ይወጉኛል፣ ከሰዓት ምጥ ይይዘኛል፣ ማታ እወልዳለሁ። ባሌን እንዲያውም «ገንፎው ለእራት ይድረስ» ብዬው ነበር። የወለድኩት ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት ነው። ቁጠሪው፣ 37 ሰዓት። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ያልነበረው ይሄን ነው፣ እና አንቺ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይሄን ያዢ፦ አብዛኛው መጠበቅ ነው። ለሕመሙ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ለጥበቃው ግን አልተዘጋጀሁም።

መጀመሪያ በጣት መረመሩኝ። ያማል፣ አልዋሽሽም። የማህፀንሽ አፍ ዝግ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ገና አልበሰለም አሉኝ። እንዲህ ሲሆን በቀጥታ መርፌው አይሰጥም፣ መጀመሪያ ይለሰልሳል። ሲስተሯ አንዲት ነጭ ክኒን አምጥታ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ በጠበጠቻት። ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ ጠርሙሱን ነቅነቅ ታደርግና በሲሪንጅ 25 ሚሊ ሊትር ለክታ ትሰጠኛለች። ጣዕም የለውም። ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ 5 ሰዓት ሰባት ጊዜ ጠጣሁ። በየመሀሉ የልጁን የልብ ምት ያዳምጣሉ፣ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። ምንም የለም። ትንሽ ሆዴ ጠንከር ይልና ይለቃል።

ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን። አጠገቤ ያለችው «ያ ረቢ» ትላለች፣ ከማዶ ያለችው «ማርያም ማርያም» ትላለች፣ እኔ በመሀል አልጋ ላይ እግሬን አጣምሬ ተቀምጬ እንደ እንግዳ እሰማለሁ። ሦስቱም ከእኔ በኋላ ገብተው ከእኔ በፊት ወለዱ። ሦስተኛዋን ወደ ማዋለጃው ሲወስዷት ለቅሶዬ መጣ። ምጥ ሳይጀምረኝ ነው እንግዲህ ያለቀስኩት፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ የቀረሁ ስለመሰለኝ።

ለሊቱን ወገቤን መቁረጥ ጀመረኝ። ሊነጋ ሲል ሲያዩኝ 2 ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል። ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ጉሉኮስ ተሰቀለልኝ፣ ምጥ የሚያመጣው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲኑ፣ ውስጡ ነው። «መርፌ» የሚሉት ይሄን ነው። ለካ የሚወጋ ሳይሆን የሚንጠባጠብ ነገር ነው። አዋላጇ የእጅ ሰዓቷን ከምታንጠባጥበው ትንሽ ብልቃጥ አጠገብ ትይዝና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጠብታ ትቆጥራለች። ከዚያ ገመዱ ላይ ያለችውን መዘውር በአውራ ጣቷ ገፋ ታደርጋለች። በየግማሽ ሰዓቱ ትጨምራለች። እኔ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጣቷን ሳየው ብቻ ሆዴ ይጨብጥ ጀመር።

4 ሴንቲ ሜትር ስደርስ የእንሽርት ውሃውን አፈሰሱት። ረጅም ኪሮሽ የመሰለ ፕላስቲክ ነው። መፍሰሱ አያምም፣ ሙቅ ውሃ ጭንሽ ላይ እንደ መድፋት ነው። «ጥርት ያለ ነው፣ ጎሽ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። አስር እጥፍ ያማል ላልሽው፣ ያለ መርፌ አምጬ ስለማላውቅ ላወዳድርልሽ አልችልም። የማውቀው፣ ታላቅ እህቴ ራሱ መጥቶላት ስትወልድ በምጥና በምጥ መካከል ቡና ጠጥታለች፣ ቀልዳለች። እኔ መካከል የሚባል ነገር አልነበረኝም። አንዱ ሳይለቅ ሌላው ይመጣል።

እዚህ ጋር የሚቆጨኝን ልንገርሽ። ከሰዓት 9 ሰዓት አካባቢ ተረኛውን «ወንድሜ፣ እረፍት የለውም፣ አንዴ እየው» ብዬ ለመንኩት። «ምጥ ነው፣ ሰርግ መሰለሽ?» ብሎኝ አለፈ። ዝም አልኩ። ስታምጪ ጨዋ ለመሆን መሞከር እንዴት ያለ በሽታ ነው! ተረኛ ሲቀየር የገባችው አዋላጅ ምንም ሳልላት እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ 10 ደቂቃ ሙሉ ቆመች። ስድስት ምጥ ቆጠረች። ወዲያው ጠብታውን ዘጋችው፣ በግራ ጎኔ አስተኛችኝ፣ የልጅቷን ልብ አዳመጠች። «በ10 ደቂቃ ከአምስት መብለጥ የለበትም፣ ልጅቷም መተንፈስ አለባት» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ቀንሳ መልሳ ከፈተችው። ከዚያ በኋላ መካከል ነበረኝ። ትንሽ ናት፣ ግን ነበረችኝ።

ማታ 3 ሰዓት ሲያልፍ ሙሉ ተከፍቷል ተባልኩ። መግፋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ትንሽ ቀደው ተሰፋሁ፣ መስፋቱን ከምጡ በኋላ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ልጅቷ 3.2 ኪሎ። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ ተንቀጠቀጥኩ፣ የምሞት መስሎኝ ነበር፣ ብዙ ሴት ላይ የሚከሰት ነው አሉኝ። ባሌን አላስገቡትም፣ በር ላይ ነው ያደረው። እናቴ ሦስት እልልታ ስትል ከውስጥ ሰማኋት። ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ያለውን ሰውዬ ባገኘው 37ቱን ሰዓት አንድ በአንድ አስቆጥረው ነበር።

ካልሲ ውሰጂ። ማንም ካልሲ አይልሽም፣ ሌሊት ክፍሉ ይበርዳል።

ጭንቀታሟ

37 ሰዓት??? ባለቤቴን አስነበብኩት፣ ተነስቶ ሄዶ ውሃ ጠጣ።

የእውነት ግን አመሰግናለሁ። እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ የገባኝ ይሄ ነው። ያቺ የስድስቷ ነገር... ማለትም እኔ ራሴ መቁጠር እችላለሁ? ቀኑስ ላይ የሚያውቅ የለም? እኔ ያንን ካልፈታሁ አልተኛም።

አዋላጅ ነኝ

እህቴ፣ ቀኑን ልፍታልሽ፣ እንድትተኚ።

ጳጉሜን ዘለልሻት።

እርግዝና ከመጨረሻ የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ነው። የእኛ ወር ሁሌም 30 ስለሆነ ዘጠኝ ወር 270 ይሆናል፣ 10 ስትጨምሪ 280። ለዚህ ነው ዘጠኝ ወር ከአስር ቀን የሚባለው። ግን ይሄ የሚሠራው መሀል ላይ ጳጉሜ ከሌለች ነው። አንቺ ሐምሌ ላይ ስለጀመርሽ ጳጉሜን አልፈሻታል። የ2016 ጳጉሜ 5 ቀን ነበራት። ስለዚህ የምትጨምሪው 10 ሳይሆን 5 ነው፣ ቀንሽ ሚያዝያ 25 ይመጣል። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 4 ብቻ ይጨመራል። ሐኪምሽ ትክክል ነው፣ ዛሬ 40 ከ5 ነሽ፣ ሰኞ ግንቦት 4 ደግሞ 41 ከ2። በየክረምቱ ያረገዘች ሴት ሁሉ ይሄን ትጣላኛለች፣ አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። የስድስተኛ ወር አልትራሳውንድ ለቀን ብዙ አይረዳም፣ ቀን የሚያስተካክለው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሳሽው ነው። ለሌሎቻችሁም ነው ይሄ፣ ቶሎ ክትትል ጀምሩ።

ለምን ይቸኩላሉ ላልሽው። የዓለም ጤና ድርጅት 41 ሳምንት መሙላቷ በእርግጠኝነት የታወቀ ሴት ምጥ እንዲጀመርላት ይመክራል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ እንግዴ ልጁ ይደክማል፣ የእንሽርት ውሃው ሊያንስ ይችላል፣ ልጁ ውስጥ ሆኖ ካካ ሊል ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ሆድ ውስጥ እንዳለ የመሞት ዕድል፣ አሁንም ጥቂት ቢሆንም፣ ከሳምንት ሳምንት ከፍ ይላል። የአራት እናት፣ እናቴ፣ የእርስዎን ልጅ እግዚአብሔር ያሳድግልዎ፣ አብዛኞቹ በሰላም ይመጣሉ። እኛን የሚያስፈሩን ያልመጡት ናቸው። እነሱ እዚህ ገብተው አይጽፉም።

አሁን ስለ ማስጀመሩ። ሰኞ መጀመሪያ የሚያዩት የማህፀን አፍሽን ነው። ስንት ተከፍቷል፣ ምን ያህል ሳስቷል፣ ለስልሷል ወይስ እንደ አፍንጫ ጫፍ ጠንካራ ነው፣ ወደ ፊት ዞሯል ወይ፣ የልጁ ጭንቅላት ምን ያህል ወርዷል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፣ ቢሾፕ ስኮር ይባላል። ነጥብሽ ከፍ ካለ በቀጥታ በጉሉኮሱ ይጀምራሉ። ዝቅ ካለ እንደ የሰሚቷ ማለስለሻ ይቀድማል፣ ያኔ አንድ ቀን ተኩል መውሰዱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ገብተሽ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ነጥቤ ስንት ነው?» ይሁን። ከመልሱ ቀኑ ረጅም ይሁን አጭር ትገምቻለሽ።

አዎ፣ ራስሽ መቁጠር ትችያለሽ። ሆድሽ ሲጠነክር ጀመረ፣ ሲለሰልስ አለቀ፣ አንድ በይ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከአምስት ከበለጠ ተናገሪ። ካልሰሙሽ ሌላ ሰው ጥሪ። ያ ተረኛ ያላት ነገር ሙያዬን አሳፍሮኛል። ጠብታው እየተጨመረ የምትተኛ ሴት ብቻዋን የምትተው ሴት አይደለችም፣ እጅ ሆዷ ላይ መሆን አለበት፣ ጆሮ የልጁ ልብ ላይ።

ተልባው ምግብ ነው፣ ከወደድሽው ጠጪ፣ ለሆድ ድርቀትም ይረዳል፣ ምጥ ግን አያስጀምርም። የጉሎ ዘይት ግን አደራ፣ ተቅማጥ ይዞሽ ደክመሽ ትመጫለሽ። ዳማከሴም ሆነ ሌላ ቅጠል ጠጥተሽ ከሆነ ደግሞ ሳታፍሪ ንገሪያቸው።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። የሰሚቷ የጠጣችው ክኒን ሚሶፕሮስቶል ነው። ሲሠራ ለጨጓራ ቁስለት ነበር፣ ለምጥ ማገልገል የጀመረው በኋላ ነው። አንዱ ፍሬ 200 ማይክሮ ግራም ነው፣ ምጥ ለማስጀመር በአንድ ጊዜ የሚፈለገው 25፣ ማለትም ስምንተኛው። በውሃ በጥብጠው የሚለኩት ለዚህ ነው። ከፋርማሲ ገዝታ ቤቷ ሙሉውን የዋጠች እናት አግኝቻለሁ። ማህፀን ሊቀደድ ይችላል። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች ደግሞ ሆስፒታልም ውስጥ ቢሆን ይሄ ክኒን አይሰጣትም።

ጭንቀታሟ

ጳጉሜ!!! የሂሳብ ውጤቴ ሁሌም ከ90 በላይ ነበር እኮ። አማቴ ሰምተው እየሳቁ ነው፣ «እኔ ልጆቼን በበዓል ነው የምቆጥረው፣ ተሳስቼ አላውቅም» ይላሉ።

ኦፕራሲዮኑስ? የጎረቤቴ ልጅ ያለችው?

ከሜሪላንድ

እኔ በኦፕራሲዮን ነው የጨረስኩት፣ ስለዚህ ስለሱ እኔ ልመልስልሽ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው።

እኔን ያስጀመሩኝ ምክንያት ሳይኖር ነው፣ 39 ሳምንት ላይ «ከፈለግሽ እንጀምርልሽ» አሉኝ። እዚህ አሁን የተለመደ ነው። በፈረንጆቹ 2018 ላይ የወጣ አራይቭ የሚባል ትልቅ ጥናት አለ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ከ6,000 በላይ ጤነኛ ሴቶችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን 39 ላይ አስጀመሩ፣ ግማሹን ጠበቁ። በኦፕራሲዮን የወለዱት ከተጀመረላቸው 18.6 በመቶ፣ ከጠበቁት 22.2 በመቶ። ስለዚህ ጎረቤትሽ ያለችው እንደዚያ አይደለም። ጥናቱ የአሜሪካ ነው፣ የልብ ምቱ በማሽን ሳይቋረጥ በሚታይበት ቦታ የተሠራ ነው፣ ያንንም አትርሺ። ባሌ ጥናቱን አትሞ ፍሪጅ ላይ ለጥፎልኝ ነበር። እና እኔ 18.6ቱ ውስጥ ገባሁ፣ ምን ታደርጊዋለሽ።

ለእኔ ክኒን ሳይሆን ፊኛ ነው የተጠቀሙት። ቀጭን ጎማ በማህፀን አፍ አሳልፈው ጫፉ ላይ ያለውን ፊኛ በውሃ ይሞሉታል፣ እሱ እየተጫነ ይከፍታል። ሲያስገቡት ይቆረጥማል፣ ከዚያ ትረሺዋለሽ። ሌሊት ሽንት ቤት ስሄድ ዱብ አለ፣ ልጁ የወደቀ መስሎኝ ጮህኩ፣ ነርሷ እየሮጠች መጥታ ሳቀች። ፊኛው ሲወድቅ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል ማለት ነው። ከዚያ ያው ጉሉኮሱ። 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ወገቤ ላይ ማደንዘዣ ወሰድኩ፣ ኤፒዱራል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ነርስ መርቄ አላውቅም። ሀበሻ ነበረች ደግሞ፣ «ተባረኪ» ስላት «አሜን፣ አትነቃነቂ» አለችኝ።

7 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ። ሰዓታት ጠበቁ፣ ወይ ፍንክች። ከዚያ የልጁ የልብ ምት እየወረደ መመለስ ጀመረ፣ ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ረጋ ብላ ነገረችኝ፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ወጣ። እናቴ ከአዲስ አበባ ሻንጣ ሙሉ የገብስ ዱቄት ይዛ መጥታ ነበርና ተሰፍቼም ገንፎው አልቀረብኝም። ለወራት «ባላስጀምር ኖሮ» እያልኩ ራሴን በልቻለሁ። ምናልባት ነበር፣ ምናልባት አልነበረም። እኔ ምርጫ ነበረኝ፣ አንቺ ግን 41 አልፎሽ ነው፣ ጉዳያችን አንድ አይደለም።

የሰሚቷ

ፊኛው ዱብ አለ 😂 ስፌቴ ከዳነ ዓመት ሆኖትም ሳቁ አመመኝ።

እኛ ጋር ስለ ኤፒዱራል ግን አታስቢ እህቴ፣ እኔ በወለድኩበት ቃሉም አይነሳም። አንዳንድ የግል ሆስፒታል አለ ሲሉ እሰማለሁ፣ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ለእኔ የጠቀመኝ ወገቤን በጡጫ የገፋችልኝ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ማንም ሳያዛት። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ጭንቀታሟ (ሐሙስ፣ ከሳምንት በኋላ)

ወለድኩ!

በአንድ እጄ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። እሁድ ማታ ድረስ ራሱ ይመጣል ብዬ ሰፈሩን ስዞር ከረምኩ፣ አልመጣም። ሰኞ ጠዋት ካልሲ አድርጌ ሄድኩ። «ነጥቤ ስንት ነው?» ስላቸው ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝና «የጤና ባለሙያ ነሽ?» አለችኝ። አይደለሁም አልኩ። ነጥቤ ጥሩ ነበር፣ 3 ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል፣ ለስልሷል፣ ሳላውቀው። ክኒኑ ቀረልኝ፣ 4 ሰዓት ላይ በቀጥታ ጉሉኮሱ ተሰቀለ። ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወለድኩ። ወንድ ነው፣ 3.5 ኪሎ።

ማታ ላይ መካከሉ ሲጠፋብኝ ቆጠርኩ። እየጮህኩ ነው የቆጠርኩት፣ «አምስትትት... ስድስት!» ስል አዋላጁ መጣ፣ እጁን አደረገ፣ ምንም ሳይናገር መዘውሯን ዘጋት። የሰሚቷ፣ ያኔ አንቺን ነው ያሰብኩሽ።

አንድ ያስደነገጠኝ፣ ውሃው ሲፈስ አረንጓዴ ነበር። ልጁ ውስጥ ካካ ብሎ ነበር ማለት ነው። ሲወጣ ወዲያው አላለቀሰም፣ ወደ ጥግ ወስደው አሻሹት፣ ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም፣ ለእኔ ከምጡ ሁሉ ያ ረዘመብኝ። ከዚያ ጮኸ። እስኪነጋ ለብቻው አስቀምጠው ካዩት በኋላ አመጡልኝ። እስከ ግንቦት 7 ልጠብቅ ብዬ በራሴ ቁጥር ብከራከር ኖሮ እያልኩ አሁንም ሌሊት እነቃለሁ።

አባቱ «ጳጉሜ እንበለው» ብሎ ይቀልዳል። አማቴ አንዴ ሰምተው የአራስ ቤቱን በር ዘግተውበታል።

ስፌቱ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ምን አደረጋችሁ?

አዋላጅ ነኝ

እንኳን ማርያም ማረችሽ! በጎንሽ ተኝተሽ አጥቢ፣ ስትቀመጪ ክብ አድርገሽ በጠቀለልሽው ፎጣ ላይ ተቀመጪ። ሽንት ቤት በገባሽ ቁጥር ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ታጠቢ፣ በስሱ አድርቂው፣ ቅቤም ቅጠልም አታስጠጊበት። የሰጡሽን ማስታገሻ ሳታዛንፊ ውሰጂ። ትኩሳት ካለሽ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ፣ ወይ ደሙ በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያረጥብ ከሆነ ግን አራስ ናት አትወጣም ቢሉሽም ተነስተሽ ሂጂ።

የአራት እናት

እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ! ጤና ስጭኝ ለሁለታችሁም። ጳጉሜ ብላችሁ ብትጠሩት ግን እኔም ከአማትሽ ጋር ነኝ። ሰባቱን እልልታ ማን አለልሽ?

ጭንቀታሟ

አሜን፣ ማርያም ታኑርዎት እናቴ። እናቴ ገና ከደሴ አልደረሰችም ነበር፣ ሌሊትም ስለሆነ ጥበቃው ዝም በሉ ብሎ አማቴ አራተኛው ላይ አቋረጡት። ሦስት ይቀራል።

የአራት እናት

እልልልልል! እልልልልል! እልልልልልልል!